ማውሱን ከሩቅ የያዘው ማን ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን አንድን ኮምፒውተር ሌላ ቦታ ተቀምጦ ማዘዝ ስለሚያስችሉ ፕሮግራሞች ነው። ኤኒዴስክ፣ ቲምቪወር፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም፤ በየቀኑ የምትሠሩባቸውም አላችሁ። እንዴት እንደሚሠሩ፣ ለምን እንደሚጠቅሙ፣ መብራትና ኔትወርክ ሲያስቸግሩ እንዴት እንደሚያዙ እንነጋገራለን። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ እንድትይዙልን እንፈልጋለን፤ «መጀመሪያ የጠየቀው ማን ነው?» የሚለውን። ጥያቄው ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ ወደ ኋላ ላይ ታዩታላችሁ።

በመጀመሪያ አንድ አጭር ጭውውት እናሰማችሁ። አባት ደሴ ነው ያሉት፤ ጡረታ የወጡ መምህርና የእድራቸው ጸሐፊ ናቸው። ልጃቸው የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው።

(የስልክ ጥሪ ድምፅ)

ልጅ፦ አቤት አባዬ፤ ደህና ነህ? በዚህ ሰዓት ስትደውል ደነገጥኩ።

አባት፦ ደህና ነኝ ልጄ። ይሄ የእድሩ ዝርዝር ነው ያስቸገረኝ። በፍላሽ ገልብጬ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው አማርኛው የለም፤ የፈረንጅ ፊደል ተዝረክርኮበት አገኘሁት። ነገ ደግሞ ስብሰባ አለን።

ልጅ፦ አይዞህ፣ ምንም አልጠፋም። የድሮው ኮምፒውተር ላይ በቪዥዋል ግዕዝ የጻፍከው ስለሆነ ነው፤ ፎንቱ አዲሱ ላይ አልተጫነም። ባለፈው አብረን የጫንነውን ኤኒዴስክ ክፈተውና ቁጥሩን አንብብልኝ።

አባት፦ ቆይ መነጽሬን ላድርግ... ይኸው፣ ጻፊ።

(ቁጥሩን ሲያነብቡ ድምፃቸው ቀስ እያለ ይጠፋል፤ ተመልሶ ይመጣል)

አባት፦ አሁን አንድ ነገር ብቅ አለ። ስምሽ ይታያል። ይግባ ወይስ ይከልከል ይላል።

ልጅ፦ እኔ ነኝ አባዬ፤ አክሴፕት የሚለውን ተጫን። ማውሱ ሲንቀሳቀስ ይታይሃል?

አባት፦ ይታየኛል! እጄን ላንሳ?

ልጅ፦ አንሳ፣ ግን ከስክሪኑ ላይ ዓይንህን አትንቀል። የማደርገውን ሁሉ እየነገርኩህ ነው የምሠራው።

(አጭር ሙዚቃ)

ፎንቱ ተጫነ፤ የአባላቱ ስም በየተራው በአማርኛ ተነበበ። ልጅቱ ስትጨርስ «አሁን አንተው ዝጋው» አለቻቸው፤ አባትም ዘጉት። እዚህች አጭር ጥሪ ውስጥ አራት ነገሮች ልብ በሉ። የደወሉት አባት ናቸው። ረዳቷን በድምጿ ያውቋታል። ሥራው ሲሠራ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነበር። በመጨረሻም ግንኙነቱን ያቋረጡት እሳቸው ናቸው። ወደ እነዚህ አራት ነገሮች እንመለሳለን።

አሁን ከጀርባው የሆነውን እንይ። እነዚህ ፕሮግራሞች ሁለት ነገሮችን በሁለት አቅጣጫ ያመላልሳሉ። ከደሴው ላፕቶፕ ወደ ሜሪላንድ የሚሄደው የስክሪኑ ምስል ነው። ከሜሪላንድ ወደ ደሴ የሚመጣው ደግሞ የማውሱ እንቅስቃሴና የተነካው የኪቦርድ ቁልፍ ነው። ላፕቶፑ ትእዛዙ ከጎኑ ከተቀመጠ ሰው ይምጣ ከባሕር ማዶ አይለይም። ስለዚህ አንድን ሰው በዚህ መንገድ ማስገባት ከወንበራችሁ ተነሥታችሁ እሱን እንደማስቀመጥ ነው። እናንተ መክፈት የምትችሉትን ፋይል ይከፍታል፤ እናንተ መሰረዝ የምትችሉትን ይሰርዛል፤ በእናንተ ስም ኢሜይል ይልካል።

ምስሉን ማመላለስ ቀላል ሥራ አይደለም። የተለመደ የላፕቶፕ ስክሪን በአግድም 1920፣ በቁም 1080 ነጥቦች አሉት፤ በድምሩ ከ2 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ቀለሙን ለመግለጽ 3 ባይት ቢወስድ አንድ የስክሪን ምስል ብቻ ከ6 ሜጋባይት ያልፋል። ይህ በሰከንድ 30 ጊዜ ቢላክ አብዛኛው የቤት ኢንተርኔት አይችለውም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ያልተለወጠውን የስክሪን ክፍል ይተወዋል፤ የተለወጠውን ብቻ አጭቆ ይልካል። ጽሑፍ ስትጽፉ ግንኙነቱ ቀልጠፍ፣ ቪዲዮ ስትከፍቱ ቀርፈፍ የሚለው ለዚህ ነው፤ በቪዲዮ ላይ አብዛኛው ነጥብ በየቅጽበቱ ይለዋወጣል።

ርቀትም የራሱን ጊዜ ይወስዳል። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በቀጥታ መስመር 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ገመዱ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ቢሆን እንኳ ትእዛዙ ሄዶ ምስሉ እስኪመለስ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ ይፈጃል፤ እውነተኛው መንገድ ደግሞ ጠመዝማዛ ስለሆነ ከዚህ ይረዝማል። ስለዚህ ከሩቅ የምትሠሩ አድማጮች፣ አንድ ቦታ ተጭናችሁ ወዲያው ምላሽ ባይታይ ደጋግማችሁ አትጫኑ። ትእዛዞቹ ተጠራቅመው በአንድ ጊዜ ሲደርሱ ያላሰባችሁትን ፋይል ሊያጠፉ ይችላሉ።

አባት ያነበቡት ቁጥርስ ምንድን ነው? የቤትና የሞባይል ኢንተርኔት ተጠቃሚ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ በቀጥታ የሚገኝበት የራሱ አድራሻ የለውም፤ ብዙ ሰው አንድ አድራሻ ይጋራል። ስለዚህ ሁለቱም ኮምፒውተሮች መሐል ላይ ወዳለ የኩባንያው ሰርቨር ይደውላሉ፤ ሰርቨሩ ያገናኛቸዋል። በኤኒዴስክና በቲምቪወር ላይ ያለው ዘጠኝ ወይም አሥር አሃዝ ሰርቨሩ የእናንተን ማሽን የሚለይበት ነው። ቁጥሩ ብቻውን በር አይከፍትም። በሩን የሚከፍተው አክሴፕት የሚለው ነው፤ ወይም አስቀድማችሁ የሰጣችሁት ፓስወርድ።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ኮምፒውተርን ከሩቅ ማዘዝ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የዛሬው ኢንተርኔት አባት የሆነው አርፓኔት በፈረንጆቹ 1969 ሲጀመር ቴልኔት የሚባለው ዘዴ አብሮት ተወለደ። ቴልኔት ምስል አያመላልስም፤ የሚልከው ጽሑፍ ብቻ ነው። ትልቁ ድክመቱ ግን ፓስወርዱ እንደተጻፈ፣ ሳይመሰጠር መጓዙ ነበር። በፈረንጆቹ 1995 በፊንላንድ የሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ጠላፊዎች ፓስወርዶችን ከመንገድ ላይ ለቀሙ። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ታቱ ዩሎነን ለዚህ መልስ ይሆን ዘንድ ኤስኤስኤችን ሠራ፤ ሁሉንም ነገር መስጥሮ የሚልክ ዘዴ ነው። የዓለም ሰርቨሮች አስተዳዳሪዎች ዛሬም ሥራቸውን የሚሠሩት በእሱ ነው።

ስክሪኑን ራሱን ወደ ማሳየቱ ስንመጣ፣ እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ በነበረ የምርምር ማዕከል ቪኤንሲ የሚባለው ተሠርቶ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ለሕዝብ በነፃ ተለቀቀ። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ፕሮፌሽናል ሪሞት ዴስክቶፕን በውስጡ ይዞ መጣ። ቲምቪወር በ2005 በጀርመን፣ ኤኒዴስክ በ2014 በዚያው በጀርመን ሽቱትጋርት ተመሠረቱ። በእያንዳንዱ እርምጃ የሚያስፈልገው ሙያ እየቀነሰ ሄደ። የቴልኔት ዘመን ሰው ባለሙያ መሆን ነበረበት፤ የዛሬው ተጠቃሚ ቁጥር ማንበብ ከቻለ ይበቃዋል። ይህ ቅለት የደሴውን አባት ጠቅሟል። ያው ቅለት ግን አጭበርባሪውንም ጠቅሟል።

ወደ አጭበርባሪው ከመሄዳችን በፊት አጠቃቀሙን እናጥራ። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባለቤቱ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ በየጊዜው የሚፈቅድበት ነው። ሁለተኛው ማንም በሌለበት በቋሚ ፓስወርድ የሚገባበት ነው።

ለመጀመሪያው ዓይነት ምንም መጫን የማያስፈልግበት መንገድም አለ። ዊንዶውስ 10ና 11 ላይ ኩዊክ አሲስት የሚባል ፕሮግራም አለ። ኮንትሮል፣ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ኪው የሚለውን ፊደል አንድ ላይ ስትጫኑ ይከፈታል። ረዳቱ በማይክሮሶፍት አካውንቱ ይገባና ለጥቂት ደቂቃ የሚያገለግል ኮድ ይሰጣችኋል። ጊዜው ካለፈ ኮዱ አይሠራም። ለወላጆቻችሁ ስትመርጡ ይህን አስቡበት።

ሁለተኛው ዓይነት ለሥራ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን የሒሳብ መዝገብ የሚያዘው ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ነው፤ መረጃውም ቢሮው ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ሐዋሳ ያለ ድርጅት አዲስ አበባ ያለ የሒሳብ ባለሙያ ሲቀጥር፣ ባለሙያው በወሩ መጨረሻ አውቶቡስ ሳይሳፈር ከቢሮው ሆኖ መዝገቡን ይዘጋል። ለዚህ ግን ማሽኑ ዝግጁ መሆን አለበት። መጀመሪያ፣ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዳያንቀላፋ በፓወር ሴቲንግ ላይ ስሊፕ የሚለውን አጥፉት። ሁለተኛ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲነሣ ባዮስ በሚባለው የማሽኑ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ አስተካክሉ፤ ብዙ ዴስክቶፖች ይህ ምርጫ አላቸው። ሦስተኛ፣ ዩፒኤስ የሚባለው መጠባበቂያ ባትሪ ካለ ራውተሩንም አብራችሁ ሰኩበት፤ ኮምፒውተሩ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ዋጋ የለውም። አራተኛ፣ ፕሮግራሙ ዊንዶውስ እንደተነሣ አብሮ የሚነሣ ሆኖ የተጫነ ይሁን።

ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ የምስል ጥራቱን ዝቅ አድርጉ፤ የዴስክቶፑን የጀርባ ፎቶ አጥፉ። ዳታችሁም ይቆጠባል፣ ፍጥነቱም ይሻላል።

(ሙዚቃ፤ ከዚያ የስልክ ጥሪ ድምፅ)

አሁን ሁለተኛውን ጭውውት ስሙ። እናት ሱቅ አላቸው፤ ደዋዩን አያውቁትም።

ደዋይ፦ ጤና ይስጥልኝ እናቴ፤ ከባንክዎ ነው የምደውለው። አካውንትዎ ውስጥ የማናውቀው ሰው ሊገባ እየሞከረ ነው።

እናት፦ ኧረ በስመ አብ! ምን ላድርግ ልጄ?

ደዋይ፦ አይደንግጡ፣ አሁኑኑ እንዘጋዋለን። ስልኩን እንዳይዘጉት ብቻ። ፕሌይ ስቶር ይግቡና የምነግርዎትን አፕ ያውርዱ። ሲከፈት የሚያዩትን ቁጥር ያንብቡልኝ።

እናት፦ ልጄን ልጠይቀው፤ እሱ ነው የሚያውቀው።

ደዋይ፦ ጊዜ የለንም እናቴ፤ ከዘገየን ገንዘቡ ይወጣል። ደግሞ ለማንም አይንገሩ፤ ሌባው የባንኩ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል።

(ድምፁ ይቋረጣል)

አድማጮች፣ ፕሮግራሙ ያው ነው። ቁጥሩም፣ የሚጫኑት ቦታም ያው ነው። አፑ ከፕሌይ ስቶር የወረደ እውነተኛ አፕ ነው፤ ቫይረስ የለበትም፤ ጸረ ቫይረስም አያስቆመውም። እንግዲህ የደሴውን አባት ከእኚህ እናት የለየው ምንድን ነው? አባት ራሳቸው ቸግሯቸው፣ ራሳቸው የሚያውቁትን ቁጥር ደወሉ። እናት ግን ችግር እንዳለባቸው የነገራቸው ደዋዩ ነው፤ መድኃኒቱንም ያመጣው እሱው ነው። መጀመሪያ የጠየቀው ማን ነው? እርዳታ የጠየቃችሁት እናንተ ካልሆናችሁ ቁጥራችሁን አታንብቡ። ባንክ ነኝ ቢል፣ ቴሌ ነኝ ቢል፣ ማይክሮሶፍት ነኝ ቢል መልሱ አንድ ነው፤ ዘግቶ ራስ መደወል፣ ወይም ቅርንጫፉ ድረስ መሄድ። እውነተኛ ባንክ ደንበኛው ዘግቶ መልሶ በመደወሉ አይቆጣም።

ደዋዩ ሁለት መሣሪያዎች ነበሩት፤ ጥድፊያና ምስጢር። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ልጃቸውን እንዳይጠይቁ የከለከላቸው፣ ልጁ አንዴ ከሰማ ነገሩ ስለሚፈርስ ነው። «ለማንም አትንገር» የሚል ደዋይ ሁሉ ራሱን አጋልጧል።

አንዴ ከገባ በኋላ ምን ያደርጋል? አንድሮይድ ስልክ ላይ ከሆነ የተለያዩ ፈቃዶች ያስጠይቃል፤ ከተሰጠው ስልኩን ራሱ ያንቀሳቅሳል። አይፎን ላይ እነዚህ አፖች ማየት እንጂ ማዘዝ አይችሉም፤ ሆኖም ማየቱ ብቻ ይበቃዋል። ባንኩ በጽሑፍ መልእክት የሚልከውን የማረጋገጫ ቁጥር ከስክሪኑ ላይ ያነበዋል። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ደግሞ ስክሪኑን አጥቁሮ ከኋላው መሥራት ይችላል፤ «አሁን እየተስተካከለ ነው» ይላችኋል።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ወገኖች ሌላ ዓይነቱን ታውቁት ይሆናል። አጭበርባሪው «ገንዘብ ልንመልስልዎ ነው» ብሎ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የባንካችሁን ገጽ አስከፍቶ፣ ብራውዘሩ ላይ የሚታየውን አኃዝ በራሱ እጅ ይለውጠዋል። ለምሳሌ 400 ዶላር መመለስ ሲገባው 4000 የገባ ያስመስለዋል። «ተሳስቼ አብዝቼ ላክሁ፤ ከሥራ ልባረር ነው» ብሎ ያለቅሳል፤ ትርፉን በስጦታ ካርድ ገዝታችሁ እንድትመልሱለት ይለምናል። ባንኩ ውስጥ የገባ ገንዘብ ግን የለም፤ የተለወጠው ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ብቻ ነው። ማውሱ በሌላ ሰው እጅ እያለ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ነገር ማስረጃ አታድርጉት።

ሠራተኞችም ከዚህ አያመልጡም። በ2024 ማይክሮሶፍት ራሱ ይፋ እንዳደረገው፣ ወንጀለኞች የኩባንያ ሠራተኞችን የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል መስለው እየደወሉ ኩዊክ አሲስትን ያስከፍቷቸው፣ ከዚያም የድርጅቱን ፋይሎች ቆልፈው ገንዘብ ይጠይቁ ነበር። ቅድም ያመሰገንነው ፕሮግራም ነው፤ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ሳይሆን ያልጠራነውን ሰው የማስገባት ነው።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

የድርጅት ኃላፊዎችና የአይቲ ባለሙያዎች፣ ለእናንተ ደግሞ ሦስት ነገር አለን። የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚሠራው 3389 በተባለው ፖርት ላይ ነው። ይህን ፖርት በቀጥታ ለኢንተርኔት አትክፈቱት፤ ቀንና ሌሊት ክፍት ፖርት የሚያስሱ ፕሮግራሞች አሉ። በ2019 በዚሁ ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ አደጋው ከፍ ያለ ስለነበር፣ ማይክሮሶፍት ድጋፍ ላቆመለት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ አውጥቷል። ከውጭ መግባት የግድ ከሆነ በቪፒኤን በኩል ይሁን፤ ከፓስወርድ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫም ይጨመርበት።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራሞቹን አድሱ። በፌብሩዋሪ 2024 ኤኒዴስክ የራሱ ሥርዓቶች መጠቃታቸውን አስታውቆ፣ ደንበኞቹ ፓስወርድ እንዲለውጡና አዲሱን እትም እንዲጭኑ አሳስቦ ነበር። መሐል ላይ ያለው ኩባንያም ሊጠቃ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ውል ሲያልቅ ፓስወርዱም አብሮ ይለቅ። ቅድም ያነሣነው የሒሳብ ባለሙያ ሥራውን ቢለቅ፣ ድርጅቱ የቢሮውን ቁልፍ መቀበሉን አይዘነጋም፤ ቋሚውን ፓስወርድ ግን የሚለውጥ ስንቱ ነው? የለቀቀው ሰው ታማኝ ቢሆን እንኳ የእሱ ላፕቶፕ ሊሰረቅ ይችላል።

ረዳት ለሆናችሁም አንድ ቃል አለን። የኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር መግባትን ብቻ አይደለም በወንጀል የሚያየው፤ ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ መሄድንም ጭምር ነው። ፎንት እንድትጭኑ የጠራችሁ ሰው ፎቶውን እንድትከፍቱ አልፈቀደም። የምትሠሩትን እየተናገራችሁ ሥሩ፤ ፓስወርድ ሲጻፍ ባለቤቱ ራሱ ይጻፍ፤ ስትጨርሱ ባለቤቱ ሲዘጋው እዩ። ሰው እናንተን ሲያምን ሌላውን መጠራጠር እንዲያውቅ የምታስተምሩት በዚህ ነው። የሜሪላንዷ ልጅ እየተናገረች መሥራቷ፣ አባቷ ነገ የማይናገር ደዋይ ሲገጥማቸው ልዩነቱን እንዲያዩት ያደርጋቸዋል።

ምናልባት አሁን ይህን ስትሰሙ «እኔ እኮ ባለፈው ቁጥሬን አንብቤያለሁ» የምትሉ ካላችሁ፣ አትፈሩ፤ ቅደም ተከተሉን ያዙ። በመጀመሪያ ኢንተርኔቱን አቋርጡ፤ ዋይፋዩንም ዳታውንም። ኢንተርኔት ከሌለ እጁ ይቆረጣል። ቀጥሎ በሌላ ሰው ስልክ ወደ ባንካችሁ ደውላችሁ አካውንቱን አሳግዱ። ከዚያ ፓስወርዶቻችሁን ለውጡ፤ ያን ጊዜ በተገባበት ማሽን ላይ ሳይሆን በሌላ። መጀመሪያ የኢሜይላችሁን ለውጡ፤ የሌላው ሁሉ መክፈቻ እሱ ነውና። በመጨረሻም አፑን አጥፉና ለፖሊስ አመልክቱ። ደዋዩ የደወለበትን ቁጥርና የተላኩ መልእክቶችን አትሰርዙ፤ ማስረጃ ናቸው። ደግሞም አትፈሩ፣ አትደብቁ። የተታለለ ሰው ሲያፍርና ዝም ሲል ያው ደዋይ ወደ ጎረቤቱ ይደውላል።

ለዛሬ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ማታ ቤት ስትገቡ ኮምፒውተራችሁና ስልካችሁ ላይ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር እዩ። ከሩቅ ማዘዣ ፕሮግራም ካለ፣ ማን እንደጫነውና ለምን እንደተጫነ ጠይቁ። መልስ ካልተገኘ አጥፉት። መልስ ካለው ደግሞ ቋሚውን ፓስወርድ ዛሬውኑ ለውጡ። ከዚያ ለእናትና ለአባታችሁ ደውሉና እንዲህ በሏቸው፤ «አንተ ካልደወልክልኝ፣ አንቺ ካልጠራሽኝ፣ እኔ ነኝ የሚል ሰው ቢመጣ እንኳ ቁጥሩን አታንብቡ፤ ዘግታችሁ ወደ ስልኬ ደውሉ።» ይህን ስትነግሯቸው የዝግጅታችንን ግማሽ ሥራ ሠራችሁልን ማለት ነው።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)